ሐሰተኛው ራስና እውነተኛው ራስ

መልክአ ምድርን የሚመረምሩ ሊቃውንት የብስና ባሕር የሚገናኙበትን ዳርቻ ሲያስተምሩ ሦስት ስሞችን ለይተው ይናገራሉ። ከየብስ ሳይለይ ወደ ባሕር የገባውን፥ በሦስት ወገንም ውሃ የከበበውን ምድር ባሕረ ገብ ምድር ይሉታል። የጠረፉ ጫፍ ሾልኮ ወደ ባሕር ሲወጣ ራስ ይባላል። በአራቱም ወገን ውሃ የከበበው ደግሞ ደሴት ነው። የጣናን ባሕር ያየ ሰው ይህን ለማስተዋል ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ዘጌ ከየብስ ጋር እንደ ተያያዘ ወደ ባሕሩ ገብቶ ስለ ተዘረጋ ባሕረ ገብ ምድር ነው፤ በአቅራቢያው ያሉት ክብራንና እንጦስ ግን በታንኳ ካልሆነ በእግር የማይደረስባቸው ስለ ሆኑ ደሴቶች ናቸው። ትልቁንም ዓለም በዚሁ ምሳሌ ማየት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሦስቱ ስሞች ለትምህርት ይመቹ ዘንድ በሰው ተለዩ እንጂ ባሕሩ ራሱ አይለያቸውም። ማዕበል ከሩቅ ሲመጣ በጥልቁ ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ዳር ሲቀርብ ግን ውሃው ባነሰበት በኩል ይዘገያል፥ ጥልቅ በሆነበት በኩል ይፈጥናል። ስለዚህ መስመሩ ይታጠፍና ኀይሉ ወደ ባሕር በወጣው ራስ ላይ ከሦስት ወገን ይከማቻል። በሁለት ራሶች መካከል ያለው ሰላጤ ግን ዐርፎ ይቀመጣል፤ አሸዋውም በዚያ ይረጋል። ራስ ከጠንካራ ድንጋይ ስለ ተሠራ ይህን ሁሉ ተቋቍሞ ይኖራል፤ ነገር ግን በዘመን ብዛት ማዕበሉ በጎኑ ዋሻ ይፈለፍላል፥ ዋሻውም ከወዲህ ወዲያ ሲበሳ እንደ ደጃፍ ይሆናል፥ የደጃፉ ጣራ በወደቀ ጊዜም ጫፉ ተለይቶ ብቻውን በውሃ መካከል ይቀራል። ትናንት ራስ የነበረው እንደዚህ ሆኖ ደሴት ይሆናል።

የዚህም ተቃራኒ አለ። ደሴት ለየብስ ቅርብ በሆነ ጊዜ ማዕበሉ ከደሴቱ ኋላ ሲደርስ ይደክምና የተሸከመውን አሸዋ ይጥላል። አሸዋውም ከዘመን ወደ ዘመን እየተከመረ ሄዶ ደሴቱን እንደ አንገት ባለ ቀጭን ምድር ከየብስ ጋር ያያይዘዋል፤ ደሴት የነበረውም ባሕረ ገብ ምድር ይሆናል። እንግዲህ የሚለየውም የሚያገናኘውም ያው አንዱ ባሕር ነው።

ራስ የሚለው ስም ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የግእዙ ርእስ፥ የአማርኛው ራስ፥ ዓረቦችም ወደ ባሕር የወጣውን ጫፍ የሚጠሩበት ራስ፥ ሦስቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ ራስ የትልቅ መኰንን ማዕርግ ነበረ። ይህም ከባሕሩ ነገር ጋር ይስማማል፤ ራስ የተባለ ምድር አስቀድሞ ማዕበሉን በፊቱ የሚቀበል፥ በኋላው ያለውንም ሰላጤ የሚያሳርፍ ነውና።

የራስን፥ የባሕረ ገብ ምድርንና የደሴትን ነገር በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ለማየት የሚወድ ሰው ካርታ ዘርግቶ የአፍሪቃን ምሥራቅ ይመልከት። በዚያ ምድሪቱ ሾልካ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በህንድ ውቅያኖስ መካከል ትወጣለች። አውሮጳውያን የአፍሪቃ ቀንድ ይሏታል፤ ሶማሌዎችም ጌስካ አፍሪካ ይሏታል፥ ጌስ በቋንቋቸው ቀንድ ማለት ነውና። የቀንዱ ጫፍ ጓርዳፉይ የተባለው ራስ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ራስ ዐሲር ብለው ይጠሩታል። ከእርሱ ወደ ምሥራቅ በውሃው ላይ ዐብድ አልኩሪ፥ ሳምሐ፥ ዳርሳ፥ በመጨረሻም ታላቋ ሶቆጥራ የተባሉ ደሴቶች እንደ መቍጠሪያ ፍሬ ተሰድረው ይታያሉ። ከራሱ ወደ ደቡብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ሐፉን የተባለው ባሕረ ገብ ምድር አለ።

ይህ ስፍራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በኋላ ስሙ ያልታወቀ አንድ የግሪክ ቋንቋ ጸሓፊ የኤርትራ ባሕርን ዙሪያ ለነጋዴዎች ጽፎ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ስለ አዱሊስ ወደብና የግሪክን ጽሕፈት ስለሚያውቀው ስለ ንጉሡ ስለ ዞስካሌስ ከተናገረ በኋላ፥ ጠረፉን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ይሄድና የሽቱ ራስ ወደሚባለው ጫፍ ይደርሳል። ይኸውም የዛሬው ጓርዳፉይ ነው። ስሙም በከንቱ አልወጣለትም፤ በዚያ ዙሪያ ካለው ተራራ እስከ ዛሬ ድረስ ዕጣን ይለቀማል። ጸሓፊው ስለ ስፍራው ሲያስጠነቅቅ ወደቡ ለሰሜን ነፋስ የተጋለጠ መሆኑን ገልጦ፥ ማዕበል ሊመጣ ሲል ጥልቁ ውሃ እንደሚደፈርስና መልኩ እንደሚለወጥ፥ ይህንንም ምልክት ያየ መርከበኛ ሁሉ ፈጥኖ ወደ ሌላ ራስ ጥግ እንደሚሸሽ ይናገራል። እንግዲህ ከ1900 ዓመታት በፊት የነበረው ነጋዴ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የውሃውንም መልክ መመርመር ግድ ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከብዙ ሰዎች አንዱ ቢጠየቅ የአፍሪቃ የምሥራቅ መጨረሻ ጓርዳፉይ ነው ብሎ ይመልሳል። ካርታውን በጥንቃቄ የሚለካ ግን ሌላ ያገኛል፤ ከዋናው ምድር ይልቁን ወደ ምሥራቅ የወጣው ሐፉን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ልዩነት ነው። ጓርዳፉይ በሁለት ባሕሮች መገናኛ ላይ ስለ ቆመ፥ መርከብም ሁሉ መንገዱን የሚያጥፈው በእርሱ ዘንድ ስለ ሆነ ዝናውን ወሰደ፤ ሐፉን ግን ርቆ ሄዶ ሳለ ሳይታወቅ ቀረ።

በደቡቡ የአፍሪቃ ጫፍም የሆነው ይኸው ነው። ፖርቱጋላዊው ባርቶሎሜዎ ዲያስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1488 ዓመት ያለፈው የመልካም ተስፋ ራስ በዓለም ሁሉ የአፍሪቃ የደቡብ መጨረሻ ተብሎ ይነገርለታል፤ እውነተኛው የደቡብ መጨረሻ ግን ከእርሱ ወደ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው አጉልሐስ የተባለው ዝቅተኛ ራስ ነው። በዚያም አጠገብ ሐሰተኛ ሰላጤ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። ስሙንም ያገኘው ከምሥራቅ የሚመለሱ መርከበኞች አንዱን ራስ በሌላው ተሳስተው ጊዜው ሳይደርስ ወደ ሰሜን እየታጠፉ ስለሚገቡበት ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠሩትም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ስመ ጥር የሆነውን እውነተኛ ማለት በትምህርት ቤት ቢሆን የሚያስከትለው የመምህር ተግሣጽ ብቻ ነው። በባሕር ላይ ግን ዋጋው ነፍስ ነው። ከጓርዳፉይ ጥቂት ማይል ወደ ደቡብ ሸናጌፍ የተባለ ሌላ ራስ አለ። ቀጥ ያለ ከፍተኛ ገደል ስለ ሆነ ከሩቅ ሲታይ ጓርዳፉይን ይመስላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዳርቻ ግን ዝቅተኛ አሸዋ ነው። መርከበኞች ይህን ራስ ሐሰተኛው ጓርዳፉይ ብለው ሰይመውታል። ከደቡብ ወደ ሰሜን ጠረፉን ተከትላ የምትወጣ መርከብ እውነተኛውን ራስ ካለፈች በኋላ ወደ ምዕራብ ታጥፋ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ መግባት አለባት። ሐሰተኛውን አይታ እውነተኛው ነው ብላ ከታጠፈች ግን በፊቷ የሚጠብቃት ክፍት ባሕር ሳይሆን የአሸዋ ዳርቻ ነው።

ይህም ስሕተት በየወራቱ እኩል አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ኀይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። ነፋሱም የላዩን ውሃ ከጠረፉ ስለሚገፋው ከታች ቀዝቃዛው ውሃ ይወጣል፤ በቀዝቃዛው ውሃ ላይ ሞቃቱ አየር ሲያልፍ ዳርቻው በጉም ይሸፈናል፥ ከምድርም አቧራ ይጨመርበታል። በዚያው ወራት የሶማሌ የባሕር ወንዝ የሚባለው ፈሳሽ ውሃ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይገሠግሣል፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ክረምቱ ሲያልፍ ነፋሱ ይለወጣል፥ ይህ ፈሳሽ ውሃም አቅጣጫውን ይለውጣል። እንግዲህ መርከበኛው ዐይኑ በጉም ተይዞ፥ የሄደበትም ርቀት በፈሳሹ ውሃ ተዛብቶ ሳለ አንድ ጥቍር ገደል በጉሙ ውስጥ ብቅ ይልለታል። ብዙ ቀን ሲጠብቀው የነበረውን ራስ ያገኘ ይመስለዋል፤ መሪውንም ያዞራል።

የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ወደ ህንድና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚመላለሱ መርከቦች በዚህ መንገድ ስለ በዙ የሚሰበሩትም በዙ። በ1877 በክረምቱ ወራት ሜኮንግ የተባለች የፈረንሳይ መርከብ ከሩቅ ምሥራቅ ስትመለስ በጓርዳፉይ አጠገብ ተሰበረች። በሆዷም ከዛሬው የቬትናም አገር የተወሰዱ፥ የቻም ሕዝብ ጠራቢዎች በጥንት ዘመን የሠሯቸው የድንጋይ ምስሎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ከ100 ዓመት በላይ በባሕር ውስጥ ኖረው በ1995 በጠላቂዎች እጅ ወጡ። በ1897 በሰኔ ደግሞ ኤደን የተባለች የእንግሊዝ መርከብ በሶቆጥራ አጠገብ ከውሃ በታች ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጨች። ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉትም በተሰበረችው መርከብ ላይ 17 ቀን ተንጠልጥለው ከቈዩ በኋላ ሌላ መርከብ ደርሳ አወጣቻቸው።

አንባቢ ሆይ፥ የሐሰተኛው ራስ ማሳቻ በመልኩ ብቻ አይደለም። መልክ ለመልክ ስለ ተመሳሰለ ብቻ የሰው ልብ እንዲህ በቀላሉ አይታለልም። ይልቁንም መርከበኛው ራሱን ለማየት ይጓጓል፤ ከጓጓም በኋላ ያየው ሁሉ የፈለገውን ይመስለዋል። ማሳቻው ከውጭ ጉም፥ ከውስጥ ደግሞ ምኞት ነው፤ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ሐሰተኛው እውነተኛ ይሆናል። ስለዚህ ለዚያ ጠረፍ የተጻፉ የመርከበኞች መምሪያዎች ዐይንህን እመን አይሉም፤ እርሳስ የታሰረበትን ገመድ ወደ ውሃ ጣል፥ ጥልቀቱን ለካ፥ ሳትለካ አትታጠፍ ብለው ይመክራሉ። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ምክር ፈጥኖ ያስተውለዋል። ሰሙን እንዳየ ወርቁን አገኘሁ ብሎ የሚነሣ ተማሪ በመምህሩ ፊት ያፍራል፤ ወደ ውስጥ ገመዱን የሚጥል ግን ከሰሙ በታች ያለውን መሬት ይነካል።

ይህን የመርከቦች ጥፋት ለመከልከል በዚያ ራስ ላይ የመብራት ግንብ እንዲሠራ ለብዙ ዓመታት ሲጠየቅ ኖሮ በመጨረሻ የሠሩት ጣልያኖች ናቸው። በ1924 መጀመሪያ ከብረት የተሠራ መብራት አቆሙ፤ በ1930 ደግሞ በድንጋይ ግንብ ተኩት። ግንቡንም የሠሩት በበትር ነዶ መካከል በታሰረ ምሳር አምሳል ነው፤ ይኸውም ከጥንታውያን ሮማውያን ተወስዶ የፋሺስቶች ምልክት የነበረው ነው። ስሙንም ፍራንቼስኮ ክሪስፒ አሉት። ክሪስፒ ማን እንደ ነበረ ለኢትዮጵያ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ በ1896 በአድዋ ጦርነት ጊዜ የጣልያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሳለ ሠራዊቱ ድል በሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ከሥልጣኑ የወረደው ነው። በየብስ የወደቀውን ስም በባሕር ዳር ሊያቆሙት ወደዱ። የሐፉንንም መንደር በታላቁ ባለቅኔያቸው በዳንቴ ስም ጠሩት።

ከዚያ በኋላ ግን ምን ሆነ? በሐፉን ያቋቋሙትን ትልቅ የጨው ማውጫ በ1941 እንግሊዞች አፈረሱት። የራሱ ግንብ ዛሬም በገደሉ ላይ ቆሞአል፤ መብራቱ ግን ጠፍቶአል። ክሪስፒና ዳንቴ የተባሉትም ስሞች ከመጻሕፍት በቀር በአገሩ ሰው አፍ አይገኙም፤ ሐፉን ሐፉን ተብሎ ቀረ። የመብራቱ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። ያቆሙት ሰዎች ዐሳብ ምንም ቢሆን፥ ብርሃኑ በበራበት ዘመን በጉም ውስጥ ለሚሄድ ለማናቸውም መርከበኛ ዘሩንና ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ መንገዱን አሳይቶታል። ስሙ ለሠሪው ክብር ነበረ፤ ብርሃኑ ግን ለመንገደኛው።

ስለ ሐፉን ጥቂት መጨመር ይገባል። ሐፉን ጥንት ደሴት የነበረ፥ አስቀድሞ እንደ ተነገረው ባሕሩ ራሱ አሸዋ እየከመረ ከየብስ ጋር ያያያዘው ምድር ነው። ያ የሽቱን ራስ የጠቀሰው የጥንት ጸሓፊ ኦፖኔ የሚለውን ወደብ ሊቃውንት በዚህ ስፍራ ያኖሩታል፤ በ1970ዎቹ ዓመታት በተደረገው ቍፋሮም ከግብፅ፥ ከሮም ግዛትና ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ የመጡ የሸክላ ስባሪዎች ተገኝተዋል። የሩቅ አገር ሰዎች ሁሉ የሚገናኙበት ደጃፍ እንደ ነበረ በዚህ ይታወቃል።

ነገር ግን ወደ ባሕር የወጣ ምድር ከባሕሩ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ይቀበላል። በ2004 ታኅሣሥ 26 ቀን በሱማትራ አጠገብ ከባሕር በታች ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ። ማዕበሉ 5000 ኪሎ ሜትር ያህል የህንድን ውቅያኖስ አቋርጦ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የአፍሪቃን ጠረፍ መታ። በሶማሊያ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ፤ ከሁሉም ይልቅ የተጐዳው ሐፉን ነበረ። መንደሩ በዝቅተኛው አሸዋ ላይ የተቀመጠ ነበረና ቤቶቹ ፈረሱ፥ ጀልባዎቹና መረቦቹ ተወሰዱ፥ የውሃ ጕድጓዶቹም ጨው ሆኑ። ማዕበሉ ተነሥቶ እስኪደርስ ድረስ ሰዓታት አልፈው ነበር፤ ወሬውም ከማዕበሉ ይልቅ ፈጣን ሊሆን በተቻለው ነበር። ለዚያ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች ግን የሚነግራቸው አልነበረም። መርከብ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መብራት ያቆመ ዓለም በዳር ለሚኖሩት ድሆች ደወል አላቆመላቸውም ነበር። ዝና የሌለው ራስ ዋጋው ምን እንደ ሆነ በዚያ ቀን ታየ።

አሁን ከራሱ ወደ ደሴቶቹ እንሻገር። ዓረብና አፍሪቃ በጥንት ዘመን አንድ ምድር ነበሩ። ምድሪቱ ተሰንጥቃ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲከፈት ዓረብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መራቅ ጀመረች፤ ዛሬም በየዓመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሶቆጥራና ታናናሾቿ በዚያ መለያየት ጊዜ በመካከል የቀሩ የዚያ የጥንቱ ምድር ቍራጮች ናቸው። ስለዚህ ሶቆጥራ እንደ ሌሎች ብዙ ደሴቶች ከባሕር በታች በፈነዳ እሳት የተወለደች አይደለችም፤ ከ1500 ሜትር በላይ የሚደርሰው የሐጅሂር ተራራዋ ጥንታዊ ጥቍር ድንጋይ ሳይሆን ነጭና ቀይ የሆነ የየብስ ድንጋይ ነው። ስፋቷ 3600 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጓርዳፉይ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከዓረብ ምድር ይልቅ ለአፍሪቃ ትቀርባለች፤ በመንግሥት ግን የየመን ግዛት ናት። የድንጋዩ ዝምድና ወደ አንድ ወገን፥ የሰንደቅ ዓላማው ወደ ሌላ ወገን ሆነ፤ ይህም በብዙ ደሴቶች የታየ ነገር ነው።

ደሴት የተለየ ምድር ነው ተብሎ ይታሰባል። ሶቆጥራ ግን ለብዙ ዘመን ከብዙ የየብስ ከተማዎች ይልቅ የሕዝብ መገናኛ ነበረች። በስድስተኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ መጥቶ ንጉሡ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት ሲሰናዳ ያየው ነጋዴ ኮስማስ፥ በሶቆጥራ አጠገብ በመርከብ እንዳለፈ፥ በደሴቲቱም ግሪክኛ የሚናገሩ ክርስቲያኖች እንዳሉ ጽፎአል። ወደ ደሴቲቱ ራሱ አልወረደም፤ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ሰዎቿ ጋር ግን ተነጋግሮአል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የሶቆጥራን ወሬ የፈለገ ሰው በአክሱም መንግሥት ወደብ ሊያገኘው ይችል ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር ከ20 ዓመታት በፊት ገደማ ተገኝቶአል። በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ሖቅ የሚባል ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ የሚገባ ዋሻ አለ። ከቤልጅግ የመጡ ዋሻ መርማሪዎች በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መብራት ይዘው በገቡ ጊዜ በጨለማው ውስጥ በግድግዳውና በወለሉ ላይ የጥንት መርከበኞች የጻፏቸውን ጽሕፈቶች አገኙ። ቍጥራቸው ወደ 200 ይደርሳል። የሚበዙት በህንዶች ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ በደቡብ ዓረብና በግሪክ ፊደልም የተጻፉ አሉ፤ ከሶርያ ከፓልሚራ የመጣ ሰው በ258 ዓመት ጽፎ ያኖረው የእንጨት ሰሌዳም ተገኝቶአል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ጥቂቶቹ በአክሱማውያን ፊደል ተጽፈዋል። በግእዝ ፊደል አንብቦ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል። ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፥ ችቦ ይዞ ጨለማውን ገብቶ፥ ነበርሁ ሊል በድንጋይ ላይ ፊደሉን ትቶ የተመለሰ ወገን ነበረ። መርከቡም ዕቃውም ዛሬ የለም፤ ፊደሉ ግን ቀርቶአል።

በሶቆጥራ የክርስቲያኖቹ ነገር በዚያ አልቀረም። በ13ኛው መቶ ዓመት ማርኮ ፖሎ ሊቀ ጳጳስ እንዳላቸው ተናግሮአል፤ በ1507 ፖርቱጋሎች ደሴቲቱን በያዙ ጊዜም ክርስቲያን የሚባል ሕዝብ አግኝተዋል። ነገር ግን ፖርቱጋሎች ከ4 ዓመት በኋላ ለቀው ሄዱ፤ ያም ማኅበር ከውጭ መምህር ሳይደርሰው፥ መጽሐፍም ሳይቀዳለት እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ዛሬ የደሴቲቱ ሰዎች እስላሞች ናቸው። ቋንቋቸው ሶቆጥርኛ ግን ዓረብኛ አይደለም፤ የግእዝ የሩቅ እኅት የሆነ፥ ለብዙ ዘመን ጽሕፈት ሳይኖረው በእረኛና በባለቅኔ አፍ ብቻ ተጠብቆ የኖረ ነው። የውጭው ባሕር ብዙ ሕዝብ አምጥቶ ብዙ ሕዝብ ወሰደ፤ በተራራው ላይ የተነገረው ቃል ግን ተረፈ።

በዚያው ተራራ ላይ ዓረቦች የሁለት ወንድማማች ደም የሚሉት፥ ሌሎችም የዘንዶ ደም የሚሉት ዛፍ አለ። ቅርንጫፉ ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ይሆናል፤ ግንዱ ሲቈረጥ እንደ ደም የቀላ ሙጫ ይወጣዋል፤ ሙጫውም ከጥንት ጀምሮ ለቀለምና ለመድኀኒት ይሸጥ ነበር። በደሴቲቱ ካሉት 825 ያህል የዕፀዋት ዓይነቶች ከመቶ 37ቱ ከዚያ በቀር በዓለም ሌላ ስፍራ አይገኙም፤ ስለዚህም በ2008 ደሴቶቹ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። ለብቻ መሆን ይህን ሀብት ሰጠ፤ ግን ደካማም አደረገ። በ2015 በኅዳር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ተከታትለው መጥተው ብዙ ሽማግሌ ዛፎችን ከሥራቸው ነቀሉ። የወደቀውን የሚተካ ቡቃያ ቢኖር ኖሮ ይህ የተለመደ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ፍየሎች ቡቃያውን ስለሚበሉት በብዙ ስፍራ ከትልልቆቹ ዛፎች በታች አንድ ታናሽ ዛፍ አይታይም። ደቀ መዝሙር የሌለው መምህር ይህን ዛፍ ይመስላል። ጥላው ሰፊ ነው፥ ዕድሜውም ክቡር ነው፥ የሚያየውም ሁሉ ይደነቃል፤ እርሱ በወደቀ ቀን ግን ጥላው አብሮ ይወድቃል። አሁን የአገሩ ሰዎች በድንጋይ አጥር እየከለሉ ቡቃያ ማሳደግ ጀምረዋል፤ ዛፉ እጅግ በዝግታ የሚያድግ ስለ ሆነ የተከለው ሰው ጃንጥላውን አያየውም። ቢሆንም ይተክላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ምንድር ነው? በመጀመሪያ፥ ዳርቻ ማለት መጨረሻ ማለት አይደለም። በካርታ ላይ ምድር ያለቀችበት የሚመስለው ጫፍ በእውነት ህንዱና ግሪኩ፥ ዓረቡና አክሱማዊው የተገናኙበት ደጃፍ ሆኖ ተገኝቶአል። ሁለተኛ፥ ዝና ለእውነት ምስክር አይሆንም። የታወቀው ጓርዳፉይ ሳለ የራቀው ሐፉን ነው፤ የታወቀው የመልካም ተስፋ ራስ ሳለ የመጨረሻው አጉልሐስ ነው። ሦስተኛ፥ በዳር የሚኖር ማዕበሉን ስለ ሌሎች ይቀበላልና ከኋላው ዐርፈው የተቀመጡት የእርሱን ነገር መጠየቅ ይገባቸዋል።

የሰው ዕድሜም በጠረፍ አጠገብ እንደሚደረግ ጉዞ ነው። መታጠፊያው እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ የደከመው ሁሉ ቶሎ እንዲመጣለት ይመኛል። በጉም መካከል የመጀመሪያው ገደል በታየ ጊዜ ደረስን የሚል ድምፅ ከመርከቢቱ ሰዎች ዘንድ ይነሣል፤ የሚጮኹትም ክፉዎች አይደሉም፥ የደከሙ ናቸው። በዚያን ጊዜ ገመዱን ወደ ጥልቁ ጥሎ እስኪለካ ድረስ መሪውን አጥብቆ የሚይዝ አንድ ሰው ቢገኝ፥ የሚያጕረመርሙበት ሁሉ በማግስቱ በሕይወት ወደ ወደብ ይገባሉ።